መሬት ላይ ሳይንጠባጠብ የሚጎድል የፍሬን ዘይት

ወንድሜ፣ ማንዋል ኮሮላህ መሬት ላይ ጠብ ሳይል የፍሬን ዘይት ይጎድልበታል ብለሃል። የፍሬን ሸራው እያለቀ ሲሄድ ዘይቱ በጥቂቱ ዝቅ ማለቱ ያለ ነው። በየሳምንቱ መሙላት ግን የጤና አይደለም።

በብዙ መኪኖች ፍሬንና ፍሪሲዮን ዘይት የሚያገኙት ከአንድ ዕቃ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ከፍሪሲዮን ፔዳሉ በላይ በጣትህ ዳስስ፤ ከረጠበ የሚያፈሰው የፍሪሲዮን ማስተሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን የሚገፋው ክፍል) ነው። ደረቅ ነው? የኋላ ታምቡሮቹን (ከጎማው ጋር የሚዞሩትን፣ ሸራው ያለባቸውን ክብ ብረቶች) አስፈታ። እዚያ ያለው፣ ሸራውን የሚገፋው ሲሊንደር ሲያፈስ ሸራው ይመጠዋል፣ መሬት አይደርስም። እኔ የምጠረጥረው ይሄንን ነው። ካልሆነ የፍሬን ማስተሩን ከሰርቮው (ፍሬን መርገጡን ከሚያቀለው ክብ ዕቃ) አስለይ፤ የማስተሩ የኋላ ጎሚኒ (ዘይት የሚያግደው ጎማ) ካለቀ ዘይቱ ሰርቮ ውስጥ ይጠራቀማል።

«ሞልተህ ንዳ» የሚልህን አትስማ። ምክንያቱ ሳይገኝ ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ በፈጣን መንገዱ እንዳትወጣ። የሞተር ዘይትም በፍጹም አትጨምር፣ ጎሚኒዎቹን ያሳብጣቸዋል። የዘይት ዕቃው ክዳን ላይ የተጻፈውን ዶት (የፍሬን ዘይት ደረጃ) ብቻ ተጠቀም።