የጣና ውኃ ለማን ስንት ይደርሰዋል? ጥያቄና መልስ

ሥራዬ የውኃ ምህንድስና ነው፤ የምኖረውም ባሕር ዳር። ስለ ጣናና ገባሮቹ ድልድል ከላካችኋቸው ጥያቄዎች የቻልኩትን መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ይህን የሚያህል ሐይቅ እያለን ድልድል ለምን አስፈለገ? ለሁሉም አይበቃም?

መልስ፦ በዓመት ድምር ካየኸው የሚበቃ ይመስላል። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰፋል፤ ጥልቅ በሚባለው ቦታ ግን ከ14 ሜትር ብዙም አያልፍም። ስለዚህ ፀሐይ በዓመት ከ1.5 ሜትር በላይ ታተንበታለች፤ ይህ በዓባይ በኩል ከሚወጣው ይበልጣል። ዝናቡ የሚመጣው በዋናነት ከሰኔ እስከ መስከረም ነው፤ ፓምፑ የሚጮኸው ግን ከጥር እስከ ግንቦት። ጠቡም የሚነሳው በእነዚያ ወራት ነው።

ጥያቄ፦ ጀልባ ላይ ነው የምሠራው። በ1995 ሐይቁ የሸሸው ለምን ነበር?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሁለት ነገር ተገናኘ። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ላይ ያለው የጨረጨራ የውኃ መቆጣጠሪያ በ1988 በሁለት በሮች ተጀመረ፤ በ1993 አምስት ተጨመሩለት። ያኔ 73 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጢስ ዓባይ ቁጥር ሁለት የውኃ ኃይል ማመንጫ ሥራ ጀመረ። በ1994 ክረምት ዝናቡ ሳሳ፤ ለመብራት የሚለቀቀው ግን ቀጠለ። ሐይቁ ለጀልባ ዝቅተኛ ከፍታ ተብሎ ከተያዘው፣ ከባሕር ወለል በላይ 1784.75 ሜትር፣ በታች ወረደና ጉዞ ቆመ፤ ገበሬውም በደረቀው ዳርቻ ላይ አረሰ። እኔን የሚቆጨኝ ድርቁ አይደለም፤ በችግር ዓመት ማን ቀድሞ እንደሚቀንስ አስቀድሞ ስምምነት አለመኖሩ ነው። ጠብ ከተነሳ በኋላ የሚደረግ ድልድል ጉልበት ያለውን ይጠቅማል።

ጥያቄ፦ የጣና በለስ ኃይል ማመንጫስ ምን ያህል ይወስዳል?

መልስ፦ በ2002 ነው የተመረቀው፤ አቅሙ 460 ሜጋ ዋት ነው። በዋሻ ወደ በለስ ወንዝ በአማካይ በሰከንድ 77 ሜትር ኩብ እንዲያሻግር ታስቦ ተሠራ። ይህ በቀን 6.6 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ነው። የሐይቁ አንድ ሳንቲ ሜትር 30 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ስለሆነ፣ ምንም ካልገባበት በአራት ቀን ተኩል ገደማ አንድ ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። ለንጽጽር፦ ግማሽ ሚሊዮን ሰው በቀን 100 ሊትር ቢጠቀም፣ የዓመት ፍጆታው 18 ሚሊዮን ሜትር ኩብ፣ ከአንድ ሳንቲ ሜትር በታች ነው። የከተማ የመጠጥ ውኃ ሐይቁን አያጎድለውም።

ጥያቄ፦ ፎገራ ነኝ። ከላይ ያሉት በሞተር እየሳቡ የርብ ወንዝ እኛ ጋ ሳይደርስ ይደርቃል። መብታችን ምንድን ነው?

መልስ፦ አባቴ፣ ይህ ከሁሉም ከባዱ ነው። አዋጅ ቁጥር 197/1992 ለቤት ፍጆታ ቅድሚያ ይሰጣል፤ ለሌላው አጠቃቀም ደግሞ ፈቃድ ይጠይቃል። ባህላዊ መስኖን ግን ከፈቃድ ነፃ አድርጎታል። ቦይ ቀዶ ማጠጣት ባህላዊ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ የሚስብ ፓምፕ ግን በእኔ እምነት በዚያ ስም መታለፍ የለበትም።

ሒሳቡን እንየው። ሽንኩርት በቀን 5 ሚሊ ሜትር ይፈልጋል ብንል፣ ለአንድ ሄክታር 50 ሜትር ኩብ ነው፤ በ100 ቀን 5,000። ግማሹ በመንገድ ከባከነ ከወንዙ የሚወጣው 10,000 ይሆናል። የበጋ ርብ ስንት ሄክታር እንደሚችል ከዚህ ታወጣላችሁ። ብክነቱን የቀነሰ ገበሬ፣ ከታች ላለው ጎረቤቱ ውኃ ተወለት ማለት ነው።

የውኃ አባት፣ ማለትም የመስኖ ተራ የሚያስተዳድር ሰው፣ ያለበት አካባቢ ከሆናችሁ ተራውን እሱ ይምራ፤ ግን ላይኛውና ታችኛው ቀበሌ አንድ ላይ ይቀመጡ። በየቀበሌው ለየብቻ የሚወጣ ተራ ወንዝ ላይ አይሠራም።

ጥያቄ፦ ተማሪ ነኝ። የ20 ዓመት ፍላጎት እንዴት ይተነበያል?

መልስ፦ ለከተማው የሕዝብ ቁጥርን በነፍስ ወከፍ ፍጆታ አባዢ፣ የቧንቧ ብክነት ጨምሪ። ለመስኖ ሄክታሩን በሰብሉ ፍላጎት አባዝተሽ ለማድረስ ብቃቱ (ከተሳበው ውኃ ማሳ ለሚደርሰው ድርሻ) አካፍይ። የሚያሳስተው ከዚያ በኋላ ያለው ነው፦ ውጤቱን ከአማካይ ፍሰት ጋር አታስተያዪ። ወር በወር፣ ከአምስት ዓመት በአራቱ ከሚገኘው ፍሰት ጋር አስተያዪው። የቆጋን የመስኖ ግድብ መለማመጃ አድርጊው፦ ግድቡ 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ይይዛል፣ የታቀደለት 7,000 ሄክታር ነው። ለሄክታር 11,800 ሜትር ኩብ ገደማ ይደርሳል፤ ትነቱንና ለወንዙ የሚተወውን ቀንሺና የቀረውን ከላይ ለሽንኩርት ካወጣነው 10,000 ጋር አመዛዝኚ።

ጥያቄ፦ ለዓሣስ ይታሰባል?

መልስ፦ መታሰብ አለበት። ነጭ ዓሣ በክረምት ወደ ገባር ወንዞች ወጥቶ ይራባል፤ ወንዙ ከተቆረጠ መራቢያው ይቀራል።

ጥያቄ፦ ወረዳችን ከምን ይጀምር?

መልስ፦ ከልኬት። ድልድዩ ምሰሶ ላይ የውኃ ከፍታ ሚዛን ይተከል፣ አንድ ሰው በየጠዋቱ ያንብብ፤ ፓምፖቹም ይመዝገቡ፦ የማን፣ የት፣ በቀን ስንት ሰዓት። ሁለት በጋ የተመዘገበ ይዛችሁ ብትመጡ፣ የድርቅ ዓመቱን ተራ አብረን እናወጣለን።