ልጅሽን ከጂም ከማስወጣትሽ በፊት ቁርሱን እዪ

እህቴ፣ «የ14 ዓመት ልጄ ኳስ ይጫወታል፣ አሁን ብረት ማንሳት ጀመረ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ቁመቱ ይቀራል ይለኛል፣ ላስቁመው ወይ?» ብለሽ የጠየቅሽውን ሳነብ ራሴን ነው ያየሁት። ከሦስት ዓመት በፊት እዚሁ ጅማ እኔም እንዲሁ ተጨንቄ ልጄን አስቆምኩት። አንቺ እንዳታስቆሚው።

1. ብረት በራሱ አያሳጥርም። ልጅ የሚረዝመው በረጃጅም አጥንቶቹ ጫፍ ባለው ልም አጥንት በኩል ነው። እሱ ደግሞ ወንዶች ላይ ብዙ ጊዜ ከ16 እስከ 18 ዓመት ባለው ይደነድናል፣ ሴቶች ላይ ቀደም ይላል። አደጋው እዚያ ቦታ ላይ ጉዳት ሲደርስ ነው። ስለዚህ አሰልጣኝ አጠገቡ ይቁም፣ ከጓደኞቹ ጋር «ስንት ታነሳለህ» እየተባባሉ መጫን ይቅር። በቃ።

2. ምግቡን እዪ። እኔ የተቃጠልኩት እዚህ ላይ ነው። ልጄ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነስቶ ወደ ጅሬን ዳገት ይሮጣል፣ ተመልሶ ግማሽ ብርጭቆ ሻይ ፉት ብሎ ወደ ትምህርት ቤት፣ ከሰዓት ደግሞ ሜዳ። ቁመቱን በበሩ መቃን ላይ በእርሳስ እናሰምር ነበር። የመስከረሙና የግንቦቱ መስመር ተደራርበው ቁጭ፣ በመሃላቸው ጥፍር አይገባም። እናቱ «ልጁ አይበላም» እያለች ስትወተውት እኔ «ብረቱ ነው» ብዬ ድርቅ አልኩ።

ከጂም ባወጣሁት በወሩ ለታዳጊዎች ምልመላ ሄደ። መልማዩ ኳስ እንኳ ሳያስነካው ግድግዳ ላይ አስጠግቶ በሜትር ለካውና በዚያ ሁሉ ልጅ ፊት «አንተን ማሊያው ይውጥሃል» አለው። እስካሁን ያንገበግበኛል። ልጁ ቤት ገብቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። እኔም በንዴት በቴሌግራም «በ3 ወር 8 ሴንቲ» የሚል ዱቄት በ4,000 ብር ገዛሁ። አንዲት ሚሊ አልጨመረም! የስንት ወር እንቁላል ይገዛ ነበር።

በመጨረሻ ሐኪም ጋ ወሰድኩት። ዶክተሯ ስለ ብረት አንድ ቃል አላነሳችም። «ዛሬ ምን በላህ?» ነው ያለችው። ሲቆጥርላት አፈርኩ። የግራ እጁን አንጓ ራጅ አስነሳችው፤ 14 ዓመቱ ነበር፣ አጥንቱ ግን የ12 ተኩል ልጅ ነው። ገና ያድጋል ማለት ነው። ሰውነት ከሚበላው በላይ ሲያቃጥል ያለችውን ጉልበት ለመኖር ይቆጥብና እድገቱንና ጉርምስናውን ያዘገየዋል አለችኝ። ሯጭ ሴት ልጆች ላይ የወር አበባ የሚጠፋውም ብዙ ጊዜ ለዚህ ነው፣ ሴት ልጅ ያላችሁም ልብ በሉ።

ከዚያ ወዲህ ሳይቀምስ አይወጣም፣ ቢያንስ ሙዝ። ሲመለስ ሁለት እንቁላል በዳቦ፣ አቮካዶ (ጅማ ተቀምጦ አቮካዶ ያጣ የለም)፣ ቦርሳው ውስጥ ቆሎና ለውዝ፣ ማታ ወተት። 3 ሰዓት ላይ ስልኩ እኛ መኝታ ቤት ይገባል፤ የእድገት ሆርሞን በብዛት የሚወጣው በከባድ እንቅልፍ ሰዓት ነው። በሳምንት አንድ ቀን ሙሉ እረፍት። ወደ ብረቱም ተመለሰ። በዓመቱ በሩ ላይ 7 ሴንቲ! ዛሬ 17 ዓመቱ ነው፣ 1.70 ገብቷል፣ እኔን በ2 ሴንቲ አልፎኛል።

ቅርጫት ኳስም ያስረዝማል የሚሉሽን አትስሚ፣ ቁመትን በብዛት የሚወስነው ከእናት ካባት የመጣው ነው። ሜሲም ልጅ ሆኖ መርፌ የተወጋው የእድገት ሆርሞን እጥረት ስለነበረበት እንጂ ኳስ ስላሳጠረው አይደለም።

3. ከጉልበቱ ሎሚ በታች ያመኛል ካለሽ «ሰነፈ» አትበዪው። በእድገት ላይ ያሉ ስፖርተኞች ላይ የተለመደ ነው፣ ሩጫና ዝላዩን ቀንሺለት፣ ካልተሻለው ሐኪም ይየው።

አሁን እስኪ ጠዋት ምን ቀምሶ እንደሚወጣ ጻፊልኝ።