ካታሊና 22 ወይስ ጄ 24? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

በዚህ ሳምንት ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ሁለት ባለ ሸራ ጀልባዎች የሚጠይቁ ናቸው፤ ስለ ካታሊና 22 እና ስለ ጄ 24። ሁለቱም በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የተወለዱ ናቸው። ካታሊና ከ15,000 በላይ፣ ጄ 24 ደግሞ ከ5,000 በላይ ተሠርተዋል። ስለዚህ ያገለገለ ጀልባ የሚፈልግ ሰው ሁለቱን ማመዛዘኑ አይቀርም።

ጥያቄ፦ ቅዳሜና እሁድ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር ውሃ ላይ ማደር እፈልጋለሁ። በሳምንቱ መሀል ደግሞ ውድድር ያምረኛል። ለሁለቱም የሚሆነኝ የትኛው ነው?

ለእርስዎ ካታሊናን እመርጣለሁ። ምክንያቴ ኪሉ ነው። ኪል ማለት ከጀልባው ሆድ ወደ ውሃ የሚወርደው ከባድ ክንፍ ነው። ጀልባው እንዳይገለበጥና በነፋስ ወደ ጎን እንዳይንሸራተት የሚይዘው እሱ ነው። የጄ 24 ኪል አይነቃነቅም፤ ሁልጊዜ 1.22 ሜትር ጥልቀት ይፈልጋል። ብዙዎቹ ካታሊናዎች ግን የሚታጠፍ ኪል አላቸው። ሲወርድ 1.5 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ሲሰበሰብ 60 ሴንቲ ሜትር ውሃ ይበቃዋል። ስለዚህ ዳርቻው ድረስ ተጠግተው መልህቅ ይጥላሉ፤ ልጆቹም ዘለው ይወርዳሉ። በተጎታች ጭነው ሲሄዱም ክሬን ሳይፈልጉ ከተዳፋት ላይ ወደ ውሃ ያስገቡታል። ጄ 24ን ለማውረድ አብዛኛውን ጊዜ ክሬን ያስፈልጋል።

ሌላው ምቾት ነው። ጄ 24 በርዝመት ይበልጣል፤ 7.32 ሜትር ነው፣ ካታሊና 6.55። ውስጥ ሲገቡ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የጄ 24 ካቢን ዝቅ ያለ ነው፤ ጎንበስ ብሎ መኖር ይሰለቻል። ሰው የሚቀመጥበትን ቦታ ደግሞ የዋናው ሸራ ገመድ የሚሄድበት ሐዲድ አቋርጦት ያልፋል። ለተወዳዳሪ ግሩም ነው፣ ለሕፃን እግር ግን እንቅፋት ነው። ካታሊና ውስጥ ትንሽ ማብሰያና አራት ሰው የሚያስተኛ ቦታ አለ። ጣሪያው ብድግ የሚል ሞዴል ካገኙማ አያመንቱ።

ውድድሩም አይቀርብዎትም። ካታሊና 22 የራሱ የውድድር ማኅበር አለው። ካታሊና ከካታሊና ጋር ሲወዳደር ውድድሩ እንደማንኛውም ውድድር ልብ ያንጠለጥላል።

ጥያቄ፦ ጄ 24 ካታሊናን ምን ያህል ይቀድመዋል?

በብዙ። የተለያዩ ጀልባዎች አብረው ሲወዳደሩ ፒኤችአርኤፍ የሚባል የሰዓት ማካካሻ ይሰጣቸዋል። ቁጥሩ በእያንዳንዱ ኖቲካል ማይል (የባሕር ማይል፣ 1.85 ኪሎ ሜትር ገደማ) የሚታሰብ ሰከንድ ነው። ከቦታ ቦታ ትንሽ ይለያያል፤ ሆኖም ጄ 24 ወደ 170፣ ካታሊና ወደ 270 ይሰጠዋል። ልዩነቱ በማይል 100 ሰከንድ ማለት ነው። 5 ማይል ሲሄዱ ካታሊና ከስምንት ደቂቃ በላይ ወደ ኋላ ይቀራል።

የሚገርመው፣ ውሃ የሚነካው ርዝመታቸው ተቀራራቢ ነው፤ 6.1 እና 5.9 ሜትር። በጠንካራ ነፋስ ይህ ርዝመት የሚወስነው የሁለቱም የፍጥነት ጣሪያ 6 ኖት (በሰዓት 6 ኖቲካል ማይል) አካባቢ ነው። ጄ 24 የሚያመልጠው ነፋሱ ሲደክምና ወደ ነፋሱ አቅጣጫ ሲወጣ ነው። ሸራው ሰፊ ነው፣ ኪሉም የተስተካከለ ቅርጽ አለው። ንድፉን ያወጣው ሮድ ጆንስቶን በ1970ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን በቤቱ ጋራዥ ሲሠራ ያሰበው ለእሽቅድድም ነበር፤ መሪውን ስትይዙት ያ ስሜት ወዲያው ይታወቃችኋል።

ጥያቄ፦ 24 ዓመቴ ነው፤ መወዳደር ብቻ ነው የምፈልገው። ጄ 24 ልግዛ?

አብረውሽ የሚመጡ አራት ሰዎች አሉ? ካሉ ግዢ። ጄ 24 በአብዛኛው የሚወዳደረው በአምስት ሰው ነው። የማኅበሩ ደንብ የሚገድበው አጠቃላይ ክብደታቸውን ነው፤ ከ400 ኪሎ እንዳይበልጥ። ያ ክብደት ከነፋሱ በኩል ጠርዝ ላይ ሲቀመጥ ጀልባው ቀና ይላል፤ ሰው ሲጎድል ይታወቃል። እኔ ከውድድር የቀረሁባቸው ምሽቶች አብዛኞቹ ሰው ያጣሁባቸው ናቸው። አንዱ ሥራ ይበዛበታል፣ አንዷ ታመመች ይባላል፣ ጀልባውም ታስሮ ያድራል። ካታሊናን በሁለት ወይም በሦስት ሰው መወዳደር ይቻላል። ስለዚህ መጀመሪያ ሰዎቹን ቁጠሪ፣ ከዚያ ጀልባውን እይ።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ስገዛ ምኑን ልይ?

ካታሊና ከሆነ ኪሉ የሚንጠለጠልበትን ፒን፣ የሚጎትተውን የብረት ገመድና ገመዱን የሚጠቀልለውን ዊንች ይዩ። ኪሉ 250 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ብረት ነው። ገመዱ ከተበጠሰ በአንዴ ወርዶ የጀልባውን ሆድ ሊሰብር ይችላል። ፒኑ ተበልቶ ከሆነ ኪሉ ግራና ቀኝ ይንኳኳል፤ መልህቅ ላይ ሲያድሩ ድምፁ ይሰማዎታል።

ጄ 24 ከሆነ ዋናው ጠላት እርጥበት ነው። በሁለት የፋይበርግላስ ንጣፎች መካከል ባልሳ የሚባል ቀላል እንጨት አለ። በብሎኖቹ ዙሪያ ውሃ ከሰረገ እንጨቱ ይበሰብሳል። በትንሽ የፕላስቲክ መዶሻ የጀልባውን ገላ ቀስ እያሉ ይምቱት። ጥርት ያለ ድምፅ ደህና ነው፤ የታፈነ ድምፅ ከሰሙ ባለሙያ ያስጠሩ። ከላይ የተቀባ አዲስ ቀለም አያታልልዎት።

ጥያቄ፦ ኃይለኛ ነፋስ በጎኑ ቢጥለው ይሰምጣል?

ሁለቱም ቀና እንዲሉ የሚረዳ ክብደት ከታች አላቸው። ዋናው ፍራቻ ውሃ ወደ ውስጥ መግባቱ ነው። ጄ 24 ላይ የመቀመጫዎቹን ሣጥኖች ክዳን ሳይቆልፉ ለውድድር አይውጡ። ካታሊና ላይ ኪሉ ወርዶ ሳለ ማጥበቂያ ብሎኑን ያጥብቁ፤ ካልሆነ ጀልባው ሲጋደም ኪሉ ወደ ውስጥ ሊታጠፍ ይችላል። የሕይወት ጃኬት ደግሞ ከወደብ ሳይወጡ ይለበሳል።

ጥያቄ፦ አብዛኛውን ጊዜ ብቻዬን ነኝ። የቱ ይሻለኛል?

ካታሊና፣ ከትንሽ የፊት ሸራ ጋር። መሪውን ለአፍታ የሚይዝልዎት ገመድም ይግጠሙለት፤ ሸራ ሲያወርዱ ሁለቱም እጆችዎ ያስፈልጉዎታል።