ቮልሷን የጣላት ሸራው አይደለም፣ ቱቦው ነው

ጥያቄው ከጅማ ፈረንጅ አራዳ የመጣ ነው። መኪናዋ እ.ኤ.አ. የ1965 ሥሪት ቮልስ ናት፤ ሞተሯ 1200፣ አራቱም ጎማ የታምቡር ፍሬን (ታምቡር ከጎማው ጋር የሚዞረው ከበሮ መሰል ብረት ነው)። ዓመታዊ ምርመራ ላይ ወድቃለች። ወረቀቱ የፊት ፍሬን ቀኝ 1.6 ኪሎ ኒውተን፣ ግራ 1.0፤ የእጅ ፍሬን ደካማ፤ መሪ ልል፤ የቀኝ የፊት መብራት ደካማ ይላል። ከዚያ በፊት ሸራ (ታምቡሩን ከውስጥ ተጭኖ የሚያቆመው ልባስ) ሁለት ጊዜ ተቀይሯል፣ የግራው የጎማ ሲሊንደር አዲስ ገብቷል፣ ታምቡሩም ቶርኖ ቤት ደርሶ ተመልሷል። ከጅረን ቁልቁል ሲወረድ ፍሬን ሲያዝ መጀመሪያ ወደ ቀኝ ትስባለች፤ እግር ሲነሳ ደግሞ ወደ ግራ። ታች ሲደረስ የግራው ቸርኬ እጅ አያስጠጋም። «ቡና ጠጥተን ስንመለስ ግን ምንም እንዳልነካት ትሄዳለች» ይላል ጠያቂው።

ወንድሜ፣ መልሱ ያለው ቡናው ላይ ነው። ሸራ ቢሆን ኖሮ ቡና ጠጥተህ ስትመለስ አይሻለውም። የግራው የፊት ጎማ የላስቲክ ቱቦ ከውስጥ አብጦ ተዘግቷል ብዬ እገምታለሁ። ሌላ ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት ይህንን አረጋግጥ።

ቱቦው ከውጭ ሲታይ ደህና ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። በምላጭ ሰንጥቀህ ብታየው ሦስት ድርብ ሆኖ ታገኘዋለህ፦ ዘይቱን የሚይዝ የውስጥ ላስቲክ፣ ግፊቱን የሚሸከም የክር ሽሩባ፣ ከድንጋይና ከጭቃ የሚከላከል የላይ ልባስ። ቀድሞ የሚያረጀው የውስጡ ነው። ዘመን ሲጠናው፣ ወይም አንድ ሰው የፍሬን ዘይት አልቆበት የመሪ ወይም የሞተር ዘይት ጠብ ሲያደርግበት፣ ላስቲኩ ውሃ እንደገባ ባቄላ ያብጣል። የክብሪት እንጨት ያሳልፍ የነበረው ቀዳዳ መርፌ የማያስገባ ይሆናል። አሁን እግርህን አስብ። ፔዳሉ ማንሻ ስለሆነ የእግርህን ጉልበት አብዝቶ ዘይቱን በብዙ ባር ይገፋዋል፤ ዘይቱ በጠባቡ ቀዳዳም ቢሆን ያልፋል፣ ግን ይዘገያል። ቀኙ ቀድሞ ይይዛል፣ መኪናዋም ወደ ቀኝ ትስባለች። ስትለቅ ግን ዘይቱን ወደ ኋላ የሚመልስ እግር የለም፤ ሸራዎቹን የሚሰበስቡት ሞላዎች ብቻ ናቸው። የእነሱ ጉልበት ያበጠ ላስቲክ አያስከፍትም። ዘይቱ እዚያው ታስሮ ይቀራል፣ ሸራው ታምቡሩን እያሸ ይሄዳል፣ መኪናዋ ወደ ግራ ትዞራለች። ታምቡሩ ሲግል የታሰረው ዘይት ይሰፋል፣ ሲሰፋ ይብሱን ያጠብቃል። ቆማ ስትቀዘቅዝ ዘይቱ በዚያች መርፌ ቀዳዳ ጠብ ጠብ እያለ ይመለሳል፤ አንተ ሁለተኛውን ስኒ ሳትጨርስ ጎማው ይለቃል። ሁለቱንም ሸራ የበላው ይኸው ነው፤ የተቃጠለ ሸራ ፊቱ እንደ መስታወት ያብረቀርቃል፣ ታምቡሩን አይነክስም። የምርመራው ማሽን 1.0 ያነበበውም ስለዚህ ነው። የ1.6 እና የ1.0 ልዩነት ለትልቁ ሲካፈል 37.5 በመቶ ይመጣል፤ ይህን የሚያሳልፍ መርማሪ ካለ ለአንተም ለመንገደኛውም ጠላት ነው።

ሲሊንደሩን የቀየረልህ ሰው ዘይት እንዳይፈስበት ቱቦውን በፒንሳ ቆንጥጦት ከሆነ ደግሞ የመጨረሻው ምት ያ ነው። አዲስ ቱቦ እንኳ በፒንሳ ከተቆነጠጠ በኋላ አይታመንም።

ወደ ሥራው ከመግባትህ በፊት አንድ ነገር፦ ክሪክ ብቻ ይዟት ከቆመች መኪና ሥር እጅህም እግርህም አይግባ። ቮልስ ላይ ይህ የባሰ ነው። ከመኪናዋ ጋር የመጣው ክሪክ የሚገባበት ጎን ላይ የተበየደ ቧንቧ እንደ ጅማ ባለ ዝናብ በሚበዛበት አገር ከውስጥ ይዝጋል፤ ቀለሙ እያማረ ሳለ ክሪኩ ወለሉን በስቶ ይወጣል። የሃይድሮሊክ ክሪክ ከፊት አክስሉ ቧንቧዎች ሥር አግባ፣ አንሳ፣ በሁለቱም ወገን ካቫሌቶ (የብረት መደገፊያ) አድርግ፣ የኋላ ጎማዎችን በእንጨት አግድ። ብሎኬት አታስገባ፤ ብሎኬት ሳያስጠነቅቅ ይሰነጠቃል።

ሁለቱም የፊት ጎማ ከመሬት ሲነሳ ረዳትህ ፔዳሉን ሦስት አራቴ አጥብቆ ይርገጥና ይልቀቅ። ወዲያው ሁለቱንም ጎማ በእጅህ አዙር። ቀኙ ዞሮ ግራው እንቢ ካለ ግምቱ ወደ እውነት ቀርቧል። (አራቱም ጎማ የሚይዝ ቢሆን ኖሮ ፔዳሉ ጋ ሄደህ የግፊት ዘንጉንና ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋውን ዋና ፖምፓ ክፍተት ታይ ነበር፤ 1 ሚሊ ሜትር ያህል መኖር አለበት።) አሁን ግራው እንደያዘ ቱቦው ከብረት ቱቦው ጋር የሚገናኝበትን የብረት ቱቦ ዳዶ በ11 ቁልፍ ግማሽ ዙር ፍታ፤ ቱቦው በ14 ቁልፍ ይያዝ። ጎማው ከለቀቀ ግፊቱን የያዘው ከዚያ ወዲያ፣ ፖምፓው በኩል ነው። ካልለቀቀ ዳዶውን አጥብቅና ሲሊንደሩ ላይ ያለውን የአየር ማውጫ ቡሎን ፍታ፤ ዘይት ፊጭ ብሎ ጎማው ሲለቅ ጥፋተኛው ቱቦው ለመሆኑ ምስክር አያስፈልግም። ሁለቱንም ፈትተህ ካልለቀቀ ብቻ ነው ሸራና ሲሊንደር ውስጥ የምትገባው።

ቱቦ ስትገዛ ለሁለቱም ፊት ግዛ፤ የኋላዎቹም ዕድሜያቸው ያው ስለሆነ አራቱንም ብትለውጥ ይሻላል። የአንተ ዘመን ቮልስ ፍሬኑ ባለ አንድ መስመር ነው፤ አንድ ቱቦ ፈነዳ ማለት አራቱም ጎማ ፍሬን አጣ ማለት ነው። ስሙና ቀኑ ያልታተመበትን፣ ሲታጠፍ እንደ ፌስታል የሚንኮሻኮሸውን ርካሽ ዕቃ ተወው። መደርደሪያ ላይ አሥር ዓመት የተኛ «አዲስ» ቱቦም አሮጌ ነው። አሮጌውን ይዘህ ሂድና ርዝመቱንና ጥርሱን አመሳስል፤ አጭሩ መሪ ሲዞር ይወጠራል፣ ረጅሙ ጎማ ይነካል።

ስትገጥም መጀመሪያ ወንዱን ጫፍ ሲሊንደሩ ላይ አጥብቅ፣ ከዚያ ሴቷን መያዣው ላይ አስገብተህ ክሊፑን ምታ፣ የብረት ቱቦውን ዳዶ በመጨረሻ። ቱቦው መጠምዘዝ የለበትም። መሪውን እስከ ጥግ ወደ ቀኝም ወደ ግራም አዙረህ ቸርኬና አክስል አለመንካቱን እይ።

ታምቡሩን ስታወጣ የግራው ዳዶ ጥርሱ ግራ መሆኑን አትርሳ፤ ወደ ቀኝ ሲዞር ነው የሚፈታው። የፍጥነት መለኪያው ሽቦም የሚወጣው በዚሁ ጎማ ክዳን መሃል ነው፤ ጫፉ ላይ ያለችውን ትንሽ ማያዣ ሳታወጣ ክዳኑን አትደብድብ። ያብረቀረቀውን ሸራ በሸካራ ወረቀት አሽቶ መመለስ ሥራ አይባልም፤ በሁለቱም ወገን ለውጥ። ግራው ታምቡር ቶርኖ ስለገባ የሁለቱን ውስጣዊ ስፋት አለካካ። የሚታይ ልዩነት ካላቸው ቱቦውም ተቀይሮ ማሽኑ ላይ ልዩነት ይቀራል።

አየር የምታወጣው ከሩቁ ጀምረህ ነው፦ ኋላ ቀኝ፣ ኋላ ግራ፣ ፊት ቀኝ፣ ፊት ግራ። ግማሽ ሊትር ያልተከፈተ ዶት 4 የፍሬን ዘይት ይበቃሃል። የወጣውን መልሰህ አትጨምር። አሮጌው ዘይት እንደ ቡና ጠቁሮ ከወጣ ንጹሕ እስኪመጣ ግፋ። ፖምፓው መሃል ላይ ዘይት እንዳያልቅበት የሚያይ ሰው ይቁም።

ከዚያ ማስተካከያ። የቸርኬውን መሃል የሚሸፍነውን ጉልላት አውልቀህ ጎማውን እያዞርክ የታምቡሩን ቀዳዳ ባለ ጥርሱ ማስተካከያ ላይ አምጣ። በየጎማው ሁለት ናቸው፣ የሚዞሩትም በተቃራኒ ነው። በካቻቢቴ ጎማው እስኪቆም አጥብቅ፣ ሦስት ወይም አራት ጥርስ መልስ፣ ፔዳሉን ርገጥ፣ እንደገና አዙረህ እይ። ትንሽ ሹክ ሹክ ቢል ችግር የለውም።

የእጅ ፍሬኑ ምናልባት ሌላ በሽታ የለውም። የኋላ ሸራ ሳይስተካከል ሽቦውን የሚያጠብቅ ሰው ፍሬኑን ያበላሻል እንጂ አያጠነክርም። መጀመሪያ የኋላውን እንደ ፊቱ አስተካክል፣ ከዚያ ማንሻው ሥር ያሉትን የሁለቱን ሽቦ ዳዶዎች። ሁለት ጥርስ ሲሳብ ጎማዎቹ በእጅ በጭንቅ፣ ግን እኩል መዞር አለባቸው፤ አራተኛው ላይ ቀጥ። ከኋላ ታምቡር ውስጥ የካምቢዮ ዘይት ካገኘህ ግን ዘይቱን የሚያግደው ላስቲክ (ኦይል ሲል) አልቋል፤ ዘይት የጠጣ ሸራ አይታጠብም፣ ይጣላል። የኋላው ትልቅ ዳዶ 36 ነው፣ የሚጠብቀውም በ30 ኪሎ ግራም ሜትር ገደማ፤ ይህንን መኪናዋ መሬት ላይ ቆማ እንጂ ተሰቅላ አትሞክረው። አሁንም እላለሁ፣ በእንዲህ ያለ ጉልበት የምትወዘወዝን መኪና ክሪክ አይዛትም።

የመሪው ልልነት ከአራት ቦታ አንዱ ነው፤ የመሪውን ማርሽ ሳጥን ሰው ቶሎ ይወነጅለዋል እንጂ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ወዲያ ነው። ጎማው ተነስቶ ላይና ታቹን ይዘህ ወዝውዝ። ረዳትህ ፍሬን ሲረግጥ ውዝዋዜው ከጠፋ የጎማ ኩሽኔታ ነው፤ ካልጠፋ ኪንግ ፒን (መሪ ሲዞር የፊት ጎማው የሚታጠፍበት ዘንግ)። ግራና ቀኙን ይዘህ ስትወዘውዝ ከተጫወተ የመሪ ዘንግ ጫፎቹን እይ። ሳጥኑን የሚነኩት እነዚህ ሁሉ ደህና ከሆኑ ብቻ ነው፣ ያውም መሪው ቀጥ ብሎ። አብዝቶ የጠበቀ ሳጥን ከዞረ በኋላ አይመለስም፣ ይህም ያው ይጥላል። ኪንግ ፒን በየ2,500 ኪሎ ሜትሩ ግራሶ ይፈልጋል።

መብራቱ ቀላል ነው። የዚያ ዘመን ቮልስ በሚሠራበት 6 ቮልት ላይ በዝገት 1 ቮልት ሲጠፋ ስድስተኛውን አጣህ ማለት ነው፤ 12 ቮልት ላይ አሥራ ሁለተኛው ነው። አምፖል ከመግዛትህ በፊት የቀኙን መብራት ሽቦ መሬት የሚይዝበትን (ከመኪናዋ ብረት ጋር የሚገናኝበትን) ቦታ ፍቀህ አጽዳ፣ አሮጌ ፊውዞችንም አሸት።

ወደ ምርመራው ስትመለስ ግራና ቀኙ ጎማ በአየር እኩል ይሁን። በዚያው ጠዋት አዌቱ ወንዝ ዳር አሳጥበህ በቀጥታ አትግባ፤ እርጥብ ሸራ ማሽኑ ላይ ጎዶሎ ያነባል። ከታጠበች በኋላ ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር እየነዳህ ፍሬኑን በቀስታ ደጋግመህ ያዝ፣ ከዚያ ወርደህ ሁለቱንም የፊት ቸርኬ በእጅህ ዳስስ። እኩል ለብ ካሉ ግባ።