መጽሔት እንዴት ተጀመረ? ጥያቄና መልስ

ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያው መጽሔት የጀርመን ነው ወይስ የፈረንሳይ?

መልስ፦ በቀን የሚቀድመው ጀርመናዊው ነው። የሃይማኖት ሊቅና ገጣሚ የነበረው ዮሐን ሪስት በ1663 ሃምቡርግ ላይ ተከታታይ የውይይት ጽሑፍ ማሳተም ጀመረ። ያ ግን የአንድ ሰው ድርሰት ነበር። ቀን ጠብቆ፣ ከየአቅጣጫው የመጣውን እያሰባሰበ የሚወጣውን የጀመረው ዴኒ ደ ሳሎ ነው፤ ፓሪስ ላይ፣ ጃንዋሪ 5 ቀን 1665። የመጻሕፍት ሒሱ ኃያላንን ስላስቆጣ በ13ኛው ቁጥር ታገደ፤ በዓመቱ በሌላ አዘጋጅ ቀጠለ። ሄንሪ ኦልደንበርግ ለንደን ላይ የሳይንስ መጽሔቱን ያወጣው በዚያው ዓመት ማርች 6 ነው።

ጥያቄ፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ ዓምድስ?

መልስ፦ ጆን ደንተን፣ ለንደን፣ 1691። የሚያወጣው በሁለት ፊቱ የታተመ አንድ ቅጠል ነበር። ጠያቂው ስሙን ሳይገልጽ ይጽፋል፤ ደንተንና ጥቂት ባልደረቦቹ ይመልሳሉ። እስከ 1697 ዘልቋል።

ጥያቄ፦ ታዲያ የለንደኑ መጽሔት አሳታሚ ኤድዋርድ ኬቭ ለምን ይህን ያህል ይወደሳል?

መልስ፦ ይገባዋል። በፖስታ ቤት ሲሠራ የለንደን ወሬ ለክፍለ ሀገር ጋዜጦች ይልክ ስለነበር፣ ከከተማ ርቆ የሚኖር አንባቢ ምን እንደጎደለው ያውቅ ነበር፤ እንዲህ ያለው አንባቢ ሁሉንም ጋዜጣ መግዛት አይችልም። በጃንዋሪ 1731 የየሳምንቱን ጋዜጦች ጽሑፍ አሳጥሮ፣ የእህልና የአክሲዮን ዋጋ፣ ልደትና ሞት፣ የከሰሩ ነጋዴዎችን ስም፣ አዲስ የወጡ መጻሕፍትን ጨምሮ በወር አንዴ በ6 ፔንስ መሸጥ ጀመረ። የለንደን መጻሕፍት ሻጮች በዓመቱ ተመሳሳዩን አወጡበት።

በ1738 የብሪታንያ ፓርላማ ክርክሩ እንዳይታተም ሲከለክል፣ ኬቭ ክርክሩን ሊሊፑት የተባለች የልብ ወለድ አገር ሸንጎ ወሬ አስመስሎ አወጣው፤ ዋልፖል የተባለው ሚኒስትር «ዋለሎፕ» ሆነ። ከ1741 ጀምሮ ክርክሮቹን የጻፈው ሳሙኤል ጆንሰን ነው፤ በ1759 ራሴላስ የተባለውን የኢትዮጵያ ልዑል ታሪክ የደረሰው ያው ሰው።

ጥያቄ፦ መጽሔት ከጋዜጣ ተለይቶ የወፈረው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ይዘቱ ብቻ ሳይሆን ቀረጡም አለበት። የ1712ቱ የብሪታንያ ሕግ በግማሽ ወረቀት (ወረቀት ስንል ገና ያልታጠፈው ትልቁ የማተሚያ ወረቀት ነው) በሚታተም ጋዜጣ ላይ በየቅጂው ግማሽ ፔኒ ጣለ። ከአንድ ወረቀት የሚበልጥ ትንሽ ጥራዝ ግን ለጠቅላላው ኅትመት፣ ቅጂው ምንም ያህል ቢበዛ፣ በአንድ ወረቀት 2 ሺሊንግ ብቻ ይከፍል ነበር። እናስላው (12 ፔንስ አንድ ሺሊንግ ነበር)፦ 1,000 ቅጂ ጋዜጣ 500 ፔንስ፣ ማለትም 41 ሺሊንግ ከ8 ፔንስ ሲከፍል፣ ሦስት ወረቀት የሚፈጅ መጽሔት ለ1,000ውም 6 ሺሊንግ ይበቃዋል።

ጥያቄ፦ 48 ገጽ መጽሔት በ1,000 ቅጂ ለማተም ስንት ጊዜ ይፈጅ ነበር?

መልስ፦ አንድ ትልቅ ወረቀት ሦስት ጊዜ ሲታጠፍ 8 ቅጠል፣ 16 ገጽ ይሆናል። 48 ገጽ 3 ወረቀት ነው፤ በሁለት ፊቱ ስለሚታተም 6 ፊት። በእንጨቱ ማተሚያ ሁለት ሠራተኞች፣ አንዱ ቀለም እየቀባ ሌላው የማተሚያውን እጀታ እየጎተተ፣ በደህና ቀን በሰዓት ወደ 250 ፊት ያትሙ ነበር። ለአንዱ ፊት 4፣ በጠቅላላው 24 የሥራ ሰዓት ማለት ነው፤ ፊደል ለቀማው (ፊደሎቹን አንድ በአንድ አንስቶ መደርደሩ) እና እርማቱ ሳይቆጠር።

ወረቀቱ አስቀድሞ መራስ ነበረበት። ደረቁ ቀለሙን በእኩል አይቀበልም፤ ከመጠን በላይ የራሰው ደግሞ ጽሑፉን ያደበዝዛል። የገጾቹም ቦታ ወሳኝ ነው፦ በአንዱ ፊት 1፣ 4፣ 5፣ 8፣ 9፣ 12፣ 13፣ 16፤ በጀርባው የቀሩት። አንዱ ከተዛነፈ ሲታጠፍ ቅደም ተከተሉ ይፋለሳል፣ ወረቀቱም ባከነ።

ከእርሳስ ብረት የተሠራው ፊደል ውድ ስለነበር ገጹ ታትሞ ሲያበቃ ይፈርስና ወደ ሳጥኑ ይመለስ ነበር። ፈላጊ ከበዛ እንደ አዲስ መልቀም ነበር። የኬቭ የመጀመሪያ ዓመታት ቁጥሮች ደጋግመው ስለታተሙ፣ የአንድ ወር ሁለት ቅጂዎች በፊደል አደራደር ሊለያዩ ይችላሉ።

ጥያቄ፦ የዚያን ዘመን የአንድ ዓመት መጽሔቶች ጥራዝ ሙሉ መሆኑን በምን ልለይ?

መልስ፦ የገጽ ቁጥሩ ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ሳይቋረጥ መሄድ አለበት፤ የዓመቱ ማውጫ መኖሩንም ይመልከቱ። በየገጹ ግርጌ የሚቀጥለው ገጽ የመጀመሪያ ቃል ታትሟልና ያንን ያነጻጽሩ። የወረቀቶቹን ቅደም ተከተል ለማሳየት በግርጌያቸው የታተሙት የላቲን ፊደላት 23 ብቻ ናቸው፦ ከአይና ጄ አንዱ፣ ከዩና ቪ አንዱ፤ ደብልዩ የለም። ያ ጉድለት አይደለም። እውነተኛው ጉድለት የሚገኘው ሥዕሎቹ ጋ ነው። በመዳብ ሰሌዳ ላይ የተቀረጸ ሥዕል በሌላ ማተሚያ ለብቻው ታትሞ ስለሚገባ ብዙ ጊዜ በገጽ ቁጥር አይቆጠርም፤ በተለይ ካርታዎችን ቆርጠው የሚሸጡ አሉ። የወረቀት ሽፋኑን ጠራዦች አብዛኛውን ጊዜ ስለሚጥሉት አይጠብቁት፤ በዚያ ላይ የነበረው ማስታወቂያም አብሮ ጠፍቷል።

ጥያቄ፦ ሥዕልና ጽሑፍ አንድ ላይ መታተም መቼና በምን ተስፋፋ?

መልስ፦ በእንጨት ቅርጽ። ጠንካራ እንጨት በአግድም ተቆርጦ፣ በፊደሉ ቁመት ልክ ተዘጋጅቶ ሲቀረጽ ከፊደሉ ጋር በአንድ ገበታ ይታሰራል። ቻርልስ ናይት ይህን ከእንፋሎት ማተሚያ ጋር አቀናጅቶ በ1832 በ1 ፔኒ የሚሸጥ ሥዕላዊ ሳምንታዊ መጽሔት አወጣ፤ ሽያጩም 200,000 ገደማ ደረሰ።