የኦዲት ስታንዳርድ ሸምድዶ ማስተርስ ማለፍ ይቻላል?

እህቴ፣ ከቱሉ ዲምቱ እየተመላለስሽ ማስተርስ እየተማርሽ መሆኑን ጽፈሽ፣ «ስታንዳርዶቹን ሸምድጄ ኦዲትና አሹራንስን (የሂሳብ ምርመራና ማረጋገጫ ኮርሱን) አልፋለሁ?» ብለሻል። ለዲግሪ ያስኬድ ይሆናል፤ ማስተርስ ላይ ግን ይከብዳል። ጥያቄው በኬዝ ነው የሚመጣው። የአንድ ድርጅት ታሪክ ይሰጥሽና ሂሳቡ የመዛባት ስጋቱ የት እንዳለ፣ ምን ማስረጃ እንደምትፈልጊ ትጠየቂያለሽ።

ስለዚህ ከዓለም አቀፉ የኦዲት ስታንዳርድ ከአይኤስኤ 315 ጀምሪ። ስጋትን ስለ መለየት ነው፤ ብዙው ሥራ ከሱ ይቀዳል።

ገላን ፋብሪካ ውስጥ እሠራለሁ ብለሽ የለ? ታድለሽ! መጋዘኑን በኦዲተር ዓይን እዪው። በቆጠራ ዕቃው መኖሩን ታረጋግጫለሽ። ዋጋው ትክክል መሆኑን ግን ቆጠራ አይነግርሽም። ዓመት ሙሉ አቧራ የጠጣ ዕቃ በተገዛበት ዋጋ ተመዝግቦ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ከበጀት ዓመቱ መዝጊያ በኋላ ስንት እንደተሸጠ ደረሰኙን ማየት አለብሽ። የራሳችሁ ነው ወይስ የሌላ ሰው አደራ? ይሄም ሌላ ሰነድ ይፈልጋል። መኖር፣ ባለቤትነት፣ ሙሉነት (ሳይመዘገብ የቀረ አለመኖሩ)፣ ዋጋ፤ ለእያንዳንዱ የሚሆነው ማስረጃ ይለያያል። ብዙ ተማሪ ነጥብ የሚጥለው እዚህ ጋ ይመስለኛል።

ስለ ፋይናንስ ሪፖርት የወጣውን አዋጅ ቁጥር 847/2006ም አንብቢ። የቃሊቲ መንገድ ሲዘጋ ታክሲ ውስጥ ጊዜ አይጠፋም መቼም።

ኦዲትና አሹራንስ አንድ ናቸው ወይ ላልሽው፣ ኦዲት ከአሹራንስ ሥራዎች አንዱ ነው። ሪቪው የሚባለው ቀለል ያለ የሂሳብ ምርመራም አሹራንስ ነው፤ ግን በአብዛኛው በጥያቄና በትንተና ስለሚሠራ የሚሰጠው ማረጋገጫ ከኦዲት ያነሰ ነው።