ስለ አሳማ ኑሮ ለጠየቃችሁኝ

ጥያቄ፦ አሳማ አይናገርም። እንደተመቸውና እንዳልተመቸው በምን ይታወቃል?

መልስ፦ መጀመሪያ አተኛኘቱን እዩ። ሲበርዳቸው ተደራርበው፣ እግራቸውን ከሆዳቸው ስር አጥፈው ይተኛሉ። ሲሞቃቸው ተራርቀው በጎናቸው ይዘረጋሉ። አሳማ እንደ ሰው በላብ ሰውነቱን ማቀዝቀዝ አይችልም። ጭቃ የሚወደው ለዚህ ነው። ጭቃ ካጣ ሽንቱ ላይ ይተኛል፣ ከዚያ "አሳማ ቆሻሻ ነው" ይባላል። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል። በቂ ቦታ ካገኘ እኮ የሚተኛበትንና የሚጸዳዳበትን ራሱ ይለያል።

ጥያቄ፦ ጭራው ከተጠቀለለ ደህና ነው ማለት ነው?

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ አዎ። ብዙዎቹ ጭራቸውን ወደ ታች ከሸጎጡ ግን ቶሎ አጣሩ፤ እርስ በርስ ጭራ መነካከስ ሊጀመር ሲል አስቀድሞ የሚታይ ምልክት ነው።

ጥያቄ፦ የሚወደውን ቤት ለማወቅ ሁለት ዓይነት ወለል ሰጥቶ ማስመረጥ አይበቃም?

መልስ፦ ጥሩ ጅምር ነው፤ ግን አይበቃም። ሁለቱም መጥፎ ከሆኑ የሚመርጠው ያው ከመጥፎ የተሻለውን ነው። የለመደውንም ሊመርጥ ይችላል። በብርድ ገለባው ላይ የተኛው አሳማ፣ በሙቀት ባዶውን ሲሚንቶ ሊፈልግ ይችላል። ስለዚህ ሙከራው በአንድ ቀን አያልቅም።

ሌላው ጥያቄ ምን ያህል ይፈልገዋል የሚለው ነው። ተመራማሪዎች እንዲህ ያደርጋሉ፦ አሳማው የሚፈልገውን ለማግኘት በአፍንጫው ማብሪያ መሰል ነገር ይጫናል። ከዚያ የሚጫንበትን ብዛት ቀስ በቀስ ይጨምሩበታል። ለምግብ ሲሆን ቢከብደውም በቀላሉ አይተውም። ሌላውን ነገር ከዚህ ጋር ማነጻጸር ነው። ለእኔ ትክክለኛው መለኪያ ይሄ ነው፤ ስንት ሰዓት እዚያ ቆየ ብቻ ማለት ያሳስታል። አሳማ ጎጆ የምትሠራው ልትወልድ ስትል ለጥቂት ሰዓታት ነው፤ ያቺን ሰዓት ግን በጣም ትፈልጋታለች።

ጥያቄ፦ የእርባታ አሳማ ዱር የት ያውቃል? ባይቆፍር ምን ይጎድለዋል?

መልስ፦ ስቶልባና ዉድ-ገሽ የተባሉ ተመራማሪዎች ስኮትላንድ ውስጥ ኤድንበራ ከተማ አጠገብ የእርባታ አሳማዎችን ዛፍና ቁጥቋጦ ወዳለበት ሰፊ ግቢ ለቀቋቸው። አሳማዎቹ የቀኑን ብርሃን ከግማሽ በላይ በመቆፈርና በመጋጥ አሳለፉት። እናቶቹ ሣርና ቅርንጫፍ ሰብስበው የመውለጃ ጎጆ ሠሩ። ማንም አላስተማራቸውም። መዞሪያ ቦታ በሌለው የብረት አጥር ውስጥ የታሰረችውም ልትወልድ ስትል ባዶውን ወለል በእግሯ ትቧጥጣለች፣ ብረቱን ትነክሳለች። ፍላጎቱ አለ፤ የሌለው ሣሩ ነው።

ጥያቄ፦ መጫወቻ ሰንሰለት ብሰቅልላቸውስ?

መልስ፦ ቶሎ ይሰለቻቸዋል። የሚታኘክ፣ የሚበጣጠስ፣ በአፍንጫ የሚገለበጥ ነገር ስጧቸው። ገለባ ካላችሁ ገለባ።

ጥያቄ፦ ቤቱን ልፈትሽ ስሄድ ከምን ልጀምር?

መልስ፦ ሳትገቡ በር ላይ ቆማችሁ አዳምጡ፤ ሳል አለ? ስትገቡ ሁሉም ደንግጠው ከሸሹ ሰው ይፈራሉ ማለት ነው፤ አያያዙን ጠይቁ። ከዚያ እንደ እነሱ ዝቅ ብላችሁ ተንፍሱ። ከሽንትና ከኩሳቸው የሚወጣው ጋዝ፣ አሞኒያው፣ ዓይናችሁን ካቃጠለ፣ እነሱ ቀኑንም ሌሊቱንም የሚተነፍሱት እሱን ነው።